አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም፦ ዋሽንግተን ናሽናልስ ልጆቹን ማሳደግ ለምን አቃተው?

ጁን 29 ቀን 2025 እሑድ ነበር። ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ወረፋ ይዤ በሬዲዮ ጨዋታ አዳምጣለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የእኛው የቤዝቦል ቡድን ዋሽንግተን ናሽናልስ ካሊፎርኒያ ሄዶ ከኤንጅልስ ጋር ተጋጥሟል። ጄምስ ውድ ዱላውን ይዞ ብቅ ሲል ኤንጅልሶች ኳስ ሳይወረውሩለት ወደ መጀመሪያው ቤዝ (መቺው ሮጦ ከሚደርስባቸው አራት ማረፊያዎች አንዱ) እንዲሄድ አደረጉት። የቤዝቦል ሕግ ይህን ይፈቅዳል፦ አሠልጣኙ ለዳኛው አራት ጣቱን ያሳያል፣ መቺው ዱላውን አስቀምጦ ሳይሮጥ እየተራመደ ያልፋል። ሲተረጎም «አንተን አንነካህም፤ ከኋላህ ከሚመጣው ጋር እንነጋገራለን» እንደ ማለት ነው። ውድ ሌላ ጊዜ መጣ፤ አራት ጣት። አሁንም መጣ፤ አራት ጣት። አራተኛው ላይ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁት። ከፊቴ የቆመው ሾፌር ከመኪናው ወርዶ መጣና «ምን ተገኘ?» አለኝ።

አስረዳሁት። በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ እንዲህ የተደረገ ተጫዋች በ2004 ከባሪ ቦንድስ በኋላ እንዳልታየም ነገርኩት። ወዳጄ ቤዝቦል አይወድም፤ ሰው ቆሞ የሚያላምጥበት ጨዋታ ነው ይላል።

«የልጁ ስም ማን ነው?»

«ጄምስ ውድ።»

«ውድ ማለት በእነሱ ቋንቋ እንጨት አይደል?»

«ነው።»

«አንድ እንጨት ብቻውን አይነድማ!» ብሎኝ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ስለዚህ ቡድን ሃያ ዓመት ሙሉ ስንት ተንታኝ ሰምቻለሁ፤ ከዚህ አጥሮ፣ ከዚህ ደርሶ የተነገረ አላስታውስም። ኤንጅልሶች ውድን መፍራታቸው ግማሹ ነገር ነው። ሌላው ግማሽ ከውድ ኋላ የሚመጣውን አለመፍራታቸው ነው።

ናሽናልስ የ2025ን የውድድር ዘመን በ66 ድልና በ96 ሽንፈት ጨረሰ። ከ2020 ጀምሮ ስድስት ዓመት በተከታታይ ሽንፈቱ ከድሉ በልጧል። በዚህ ከተማ ያለ ደጋፊ ምክንያቱን ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ይመልሳል፦ ኮከቦቻችንን ሸጡብን። ሁዋን ሶቶን፣ ማክስ ሸርዘርን፣ ትሬ ተርነርን። እኔ በዚህ አልስማማም። ሽያጩ አምሞኛል፣ ሶቶ የተሸጠ ቀን እራት አልበላሁም፤ ቡድኑን የገደለው ግን ሽያጩ አይደለም። የገደለው በልዋጭ የመጡትንም ሆነ በራሱ ምርጫ ያገኛቸውን ልጆች የሚያሳድግበት ቤት አለመኖሩ ነው።

መቼም አንባቢ «አንተን ከቤዝቦል ጋር ምን አገናኘህ?» ማለቱ አይቀርም። እኔም ቡድኑም ዋሽንግተን የገባነው በአንድ ዓመት ነው፤ በ2005። እኔ ከአዲስ አበባ፣ እሱ ከካናዳ፣ ከሞንትሪያል ተነቅሎ። ስሙን እንኳ ያገኘው እዚህ ከመጣ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያረፈው አርኤፍኬ በተባለው አሮጌ ስታዲየም ነበር፤ የራሱን ቤት በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር ያገኘው በ2008 ነው። እኔ ሌሊት እየነዳሁ ቻርሊ ስሎውስና ዴቭ ጄግለር በሬዲዮ ሲያስተላልፉ እሰማለሁ፤ እንግሊዝኛዬን ያቃናሁት በእነሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ስንት ጊዜ ተሳፋሪ አውርጄ ኢኒንጉ (ጨዋታው የሚከፈልበት ዙር) እስኪያልቅ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ።

በእግር ኳስ ላደገ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው የሊጉ አሠራር ነው። 30 ቡድኖች አሉ፤ እያንዳንዱ በዓመት 162 ጨዋታ ያደርጋል፤ ማንም ወደ ታችኛው ሊግ አይወርድም። በእኛ አገር ግርጌ ላይ የተቀመጠ ቡድን ሲወርድ ከተማው ያለቅሳል። እዚህ ግን የተሸነፈ ይካሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ከትምህርት ቤትና ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ወጣቶች ቀድሞ ይመርጣል። ይህን ድራፍት ይሉታል። የተመረጠው ልጅ ዋናው ሊግ ከደረሰ በኋላ ስድስት ዓመት ያህል የቡድኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የሚያገኘው ከዝቅተኛው ደመወዝ እምብዛም አይርቅም፤ በ2025 ያ ደመወዝ 760 ሺህ ዶላር ነበር። ለእኔና ለእርስዎ ብዙ ነው፤ ለእነሱ ግን ሳንቲም ነው፤ ገበያ ላይ ያን ያህል ችሎታ ያለው ሰው ሠላሳና አርባ ሚሊዮን በዓመት ይጠይቃል። ስለዚህ ገንዘቡን አልረጭም የሚል ቡድን የሚያሸንፈው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፦ በርካሽ ዘመናቸው ላይ ያሉ ልጆችን አብስሎ አንድ ላይ ሜዳ በማስገባት።

መሸነፍ ሁልጊዜ ያተርፋል ማለትም አይደለም። ከ2023 ድራፍት ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ምርጫዎች በዕጣ ሆነዋል፤ እንደ ዋሽንግተን ያለ የትልቅ ከተማ ቡድን ደግሞ በተከታታይ ሁለት ዓመት ዕጣው ውስጥ መግባት አይችልም። ናሽናልስ በ2023 ሁለተኛ ሆኖ ዲለን ክሩዝን መረጠ። ለ2024 ዕጣ ሲወጣ መጀመሪያ የወጣው የናሽናልስ ቁጥር ነበር፤ በሕጉ ምክንያት ተሰርዞ ወደ አሥረኛ ተወረወረ። በ2025 አንደኛ ሆነ። ለ2026 ደግሞ እንደገና ከአሥረኛ በፊት መምረጥ ተከለከለ። ማለትም የ2025ቱ 96 ሽንፈት ለቡድኑ ምንም አላመጣለትም። በከንቱ ነው የተሸነፍነው።

አሁን ወደ 2019 ልመለስ፤ ያለ እሱ የዚህ ቡድን በሽታ አይገባም።

በዚያ ዓመት ሜይ ላይ ናሽናልስ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። አሠልጣኙን ዴቭ ማርቲኔዝን አባርሩት የማይል አልነበረም። ከዚያ ምን እንደነካቸው እግዚአብሔር ይወቅ፤ 93 ጨዋታ አሸንፈው ጨረሱ። ከሚልዋኪ ጋር በነበረው አንድ ጨዋታ ላይ ሊወድቁ ሲሉ የ20 ዓመቱ ሶቶ መታ፤ ሎስ አንጀለስ ላይ ሃዊ ኬንድሪክ ሦስት ሰው ቤዝ ላይ እያለ ኳሱን ከአጥር ውጭ ሰደደው፤ ሴንት ሉዊስን አራት ለባዶ ጠረጉ። በመጨረሻም ሂውስተንን በሰባት ጨዋታ አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። አራቱንም ድል ያገኙት በሰው ሜዳ ነው። ኦክቶበር 30 ሌሊት የጫንኩትን ሰው ሒሳብ አልተቀበልኩም፤ እሱም አቅፎኝ ወረደ።

እቁብ የጣለ ሰው ቀሪውን ያውቀዋል። ዕጣው መጀመሪያ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ቆጥሮ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሳምንት በመጣ ቁጥር መክፈል ነው፣ የሚጠብቀው ነገር የለም። ናሽናልስ ዕጣው በ2019 ወጣለት። ለሸርዘር በ2015 የፈረመለት ውል 210 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ግማሹ የሚከፈለው ውሉ ካለቀ በኋላ፣ እስከ 2028 ድረስ በየዓመቱ 15 ሚሊዮን እየሆነ ነው። ሸርዘር በ2025 የወርልድ ሲሪስ (የዋንጫው ፍጻሜ) ሰባተኛ ጨዋታን ለቶሮንቶ ሲወረውር ዋሽንግተን እየከፈለው ነበር። ዋንጫው በተበላ በሁለተኛው ወር ለስቲቨን ስትራስበርግ ሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ተፈረመለት። ከዚያ በኋላ ስምንት ጨዋታ ብቻ ወረወረ፤ ትከሻውና ነርቩ አሻፈረኝ አለ፤ በ2024 በይፋ ተሰናበተ። ፓትሪክ ኮርቢን 140 ሚሊዮን ነበረው፤ የዋንጫውን የመጨረሻ ጨዋታ ያሸነፈ ወርዋሪ ነውና ክፉ አልናገረውም፣ በ2022 ብቻ ግን 19 ጊዜ ተሸንፏል። እነዚህን ውሎች ስህተት ነበሩ አልልም። ዋንጫ የሚበላው እንዲህ እየተከፈለ ነው።

ስህተቱ ሌላ ነበር። 19 ለ31 ከሚለው ቁጥር የተወለደው ተረት ነው የጎዳን። «ከዚያ ጉድጓድ የወጣን ሰዎች ከዚህኛውም እንወጣለን» የሚለው ተስፋ ለማርቲኔዝና ለዋና ሥራ አስኪያጁ ለማይክ ሪዞ የስድስት ዓመት ትዕግሥት ገዛላቸው። የ2019ኙ ቡድን በሊጉ ውስጥ በዕድሜ ከሁሉም የገፋው ነበር፤ አሳድገው ሳይሆን የደረሰ ሰው ሰብስበው ያሸነፉበት ነው። ያን ማንም ልብ አላለውም።

በጁላይ 2021 ሪዞ በአንድ ሳምንት ስምንት ተጫዋች ሸጠ። ሸርዘርንና ተርነርን ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሰጥቶ ካመጣቸው ውስጥ ዋነኞቹ ከመቺው ኋላ ተቀምጦ ኳስ የሚቀበለው ኬይበርት ሩዊዝና ወርዋሪው ጆሳያ ግሬይ ነበሩ። በዓመቱ የሶቶ ተራ ደረሰ። ቡድኑ ለ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር አቀረበለት፤ እምቢ አለ። በታክሲ ወረፋው ላይ ለአንድ ሳምንት ሌላ ወሬ አልነበረም። አራት መቶ አርባ ሚሊዮን እምቢ የሚል ሰው እናቱ ምን አጥብታው ነው ያልን ሁሉ በ2024 መጨረሻ አፍረናል፤ ኒው ዮርክ ሜትስ 765 ሚሊዮን ፈረመለት። ልጁ ሒሳብ ያውቅ ነበር።

ለሶቶ በልዋጭ ከሳንዲያጎ የመጡት ጄምስ ውድ፣ ሾርትስቶፑ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚከላከለው) ሲጄ ኤብራምስ፣ ግራኙ ወርዋሪ ማኬንዚ ጎር፣ ሮበርት ሃሰልና ጃርሊን ሱሳና ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ሉክ ቮይት። ከዚህ የተሻለ የሽያጭ ውል በዘመናችን ያየ ካለ ይንገረኝ። ኤብራምስ በ2024፣ ውድና ጎር በ2025 ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጡ። ሶቶንና ጆሽ ቤልን ሰጥቶ ሦስት ኮከብ መቀበል ማለት ነው። ሪዞን በሌላ በብዙ ነገር እወቅሰዋለሁ፤ በዚህ ግን እጅ እነሳለሁ። ሦስቱም የመጡት ግን ሌላ ቤት ተመርጠው፣ ሌላ ቤት ተኮትኩተው ነው። የገዛ ቤታችን ያሳደጋቸው የት አሉ?

የናሽናልስን የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ከ2016 ጀምሮ ስቆጥር አንገቴን እደፋለሁ። ካርተር ኪቡም፣ ሴዝ ሮሜሮ፣ ሜሰን ዴናበርግ፣ ጃክሰን ራትሌጅ፣ ኬድ ካቫሊ፣ ብሬዲ ሃውስ፣ ኤላይጃ ግሪን። ዴናበርግ ዋናው ሊግ ሳይደርስ ቀረ። ኪቡም ስንት ጊዜ ተሞክሮ ቦታውን መያዝ አልቻለም። ግሪን በ2022 አምስተኛ ሆኖ የተመረጠ ልጅ ነው፤ እስከ 2025 መጨረሻ ከታዳጊ ሊጎች ታችኛ እርከኖች አልወጣም። ካቫሊ የክርን ቀዶ ሕክምና ዓመታት በላበት፤ ሃውስ ገና በ2025 መጣ። ጉዳት የማንም ጥፋት አይደለም፣ ዕድልም አለበት። ሰባት ጊዜ በተከታታይ ሲሆን ግን ዕድል ነው ማለት ይከብዳል።

ከሁሉ የበለጠ የሚያስረዳኝ ኤሪክ ፌዲ ነው። በ2014 የመጀመሪያ ዙር ምርጫችን ነበር። በ2022 ለእኛ ሲወረውር 6 አሸንፎ 13 ተሸነፈ፤ በየዘጠኙ ኢኒንግ ወደ ስድስት የሚጠጋ ነጥብ ያስቆጥሩበት ነበር። ስንት ጊዜ ሰድቤዋለሁ! በዓመቱ መጨረሻ አሰናበቱት። እሱም በዚያ ክረምት አሪዞና ውስጥ በአንድ የግል ማሠልጠኛ ገብቶ ወደ ጎን ሰፊ መንገድ የሚጠማዘዝ ኳስ ተማረ፣ አወራወሩን አስተካከለና ደቡብ ኮሪያ ሄደ። እዚያ 20 ጨዋታ አሸነፈ፤ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በዓመቱ ቺካጎ ዋይት ሶክስ የሁለት ዓመት ውል ፈርሞ ወደ አሜሪካ መለሰው። ያው ሰው፣ ያው ክንድ ነው። ዋሽንግተን ስምንት ዓመት ይዞት ያላስተማረውን ነገር በራሱ ገንዘብ በጥቂት ወራት ተማረው። ሌላ ማስረጃ አልፈልግም ነበር፤ ነገር ግን ሉካስ ጂዮሊቶም አለ። የ2012 ምርጫችን ነው፤ እዚህ ሲታመስ ከርሞ ተሸጠና በ2019 ለቺካጎ የኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ።

ዛሬ በቤዝቦል ወርዋሪ የሚሠራው በካሜራና በኮምፒውተር ነው። ኳሱ ከጣት ሲለቅ ስንት ጊዜ እንደተሽከረከረ፣ በየት አቅጣጫ እንደታጠፈ ይለካል፤ ከዚያ «ይህን ትተህ ያንን ጨምር» ይባላል። ታምፓ ቤይ በትንሽ ገንዘብ ከሀብታሞቹ ጋር ሲታገል የኖረው በዚህ ነው። ናሽናልስ በዚህ ሥራ ከአብዛኞቹ ቡድኖች ኋላ መቅረቱ በከተማው የአደባባይ ምስጢር ነበር። ሪዞ ዓይኑን የሚያምን፣ የድሮ መልማይ ነው። ዓይኑ ጥሩ ነው፤ የሶቶ ሽያጭ ምስክር ነው። ዓይን ግን ዘር ይመርጣል እንጂ ውኃ አያጠጣም።

ጁን 2025 ላይ ቡድኑ 11 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። በዚያ መካከል ማርቲኔዝ ስለ አሠልጣኞቹ ሥራ ሲጠየቅ፣ ጥፋቱ መቼም ቢሆን የአሠልጣኞች አይደለም፣ የሚጫወቱት ተጫዋቾቹ ናቸው የሚል መልስ ሰጠ። ማርቲኔዝን እወደው ነበር። በ2019 ልቡን ታምሞ ሆስፒታል ገብቶ የተመለሰ፣ ልጆቹን በአደባባይ የማያሳፍር ሰው ነው። ያን መልስ ስሰማ ግን የቤታችን ችግር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅልሎ ወጣ አልኩ። በሃያ ሁለትና በሃያ ሦስት ዓመት ልጆች የተሞላ ቡድን ይዞ ጥፋቱ የአስተማሪው አይደለም ማለት፣ ተማሪው ሁሉ የወደቀበት መምህር ፈተናውን እንደሚያመሰግን ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ነው የቆየው፤ ጁላይ 6 እሱም ሪዞም ተሰናበቱ። ቡድኑ 37 አሸንፎ 53 ተሸንፎ ነበር።

የስንብቱ ቀን ራሱ የባለቤቶቹን ጠባይ ያሳያል። በ15 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው የአንደኛ ቁጥር ምርጫ የሚደረገው በሳምንቱ፣ ጁላይ 13 ነበር። ዓመቱን ሙሉ ልጆቹን ሲያጠና የከረመውን ሰው በዋዜማው አሰናብተው ምርጫውን ለጊዜያዊ ኃላፊ ሰጡ። ወይ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ወይ ከዚያ በኋላ አይሻልም ነበር?

ለርነሮች ቡድኑን በ2006 በ450 ሚሊዮን ዶላር የገዙ የዋሽንግተን የሪል እስቴት ቤተሰብ ናቸው። አባትየው ቴድ ለርነር የከተማው ተወላጅ ነበሩ፤ በ2023 በ97 ዓመታቸው አረፉ። በእሳቸው ዘመን እጃቸው ይፈታ ነበር። በ2022 ቤተሰቡ ቡድኑን ሊሸጥ እንደሚችል አስታወቀ፤ ሁለት ዓመት ገዢ ሲጠበቅ ከረመ፤ በ2024 ልጃቸው ማርክ አንሸጥም አሉ። ለሽያጭ የቀረበ ቤት ማን ያድሳል? ግድግዳው ሲሰነጠቅ ታየ፣ ማንም አልነካውም። ከስትራስበርግ በኋላ ገበያ ላይ ለወጣ ተጫዋች አንድም ትልቅ ውል አልተፈረመም። የሚያቀርቡት ምክንያት የቴሌቪዥን ገንዘብ ነበር፤ ቡድኑ ወደ ዋሽንግተን ሲመጣ ባልቲሞርን ለማስደሰት ሲባል የጨዋታዎቹ ማሰራጫ ጣቢያ ብዙው ድርሻ ለባልቲሞር ተሰጥቶ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በላይ በክስ ተጓተቱ። እውነት አለው፣ ግፍም ነበረበት። በማርች 2025 ግን ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ፤ ከ2026 ጀምሮ ናሽናልስ ነፃ ነው። ከዚህ በኋላ ያ ምክንያት አይሠራም።

አዲሶቹ ሰዎች ፖል ቶቦኒና ብሌክ ቡቴራ ናቸው። ቶቦኒ በ35 ዓመቱ ከቦስተን መጥቶ የቤዝቦሉን ሥራ በሙሉ ያዘ፤ እዚያ ወጣቶችን በመመልመል ሥራ ያደገ ነው። አሠልጣኙ ቡቴራ ሲቀጠር 33 ዓመቱ ነበር፤ ከ1972 ወዲህ እንደ እሱ በልጅነቱ ቡድን የተረከበ የለም። ቡና ቤት ውስጥ ሳወራ አንድ አባት «ልጅ ለልጅ ቢተላለቁ…» ብለው ጀምረው ሳቁ። የእኔ ሐሳብ ግን ሌላ ነው። ቡቴራ በታምፓ ቤይ የታዳጊ ቡድኖችን ያሠለጠነ፣ በኋላም የተጫዋቾች ማሳደጊያውን የመራ ሰው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህ ቡድን የጎደለውን ነገር ያወቀ ሰው ቀጠረ። የእግር ኳስ አሠልጣኝ ስልት ይቀይሳል፣ ሰው ያስገዛል፤ የቤዝቦል አሠልጣኝ በ162 ጨዋታ የሚሠራው ዋና ሥራ ልጁ ትናንት የሳተውን ዛሬ እንዳይደግመው ማድረግ ነው።

በክረምቱ ያደረጉትን ግን ሙሉ በሙሉ ልቀበለው አልቻልኩም። ዲሴምበር 2025 ላይ ወርዋሪውን ሆዜ ፌሬርን ለሲያትል ሰጥተው ሃሪ ፎርድ የተባለ ወጣት ተቀባይ አመጡ። ጥሩ ነው፤ ሩዊዝ በ2023 ስምንት ዓመት 50 ሚሊዮን ተፈርሞለት ዱላው አልፈታለት ብሏል፣ ጭንቅላቱም ደጋግሞ ተመትቷል። ጃንዋሪ 2026 ላይ ግን ጎርን ለቴክሳስ ሬንጀርስ ሸጠው አምስት ታዳጊ ተቀበሉ። ሒሳቡ ይገባኛል፤ የጎር ውል በ2027 መጨረሻ ያልቃል፣ ወኪሉ ስኮት ቦራስ ነው፣ ቦራስ ደግሞ የቀድሞ ኮከቦቻችንን ሃርፐርንም፣ ሬንዶንንም፣ ሶቶንም ገበያ ሳያወጣ ያስፈረመበት ቀን የለም። ቢሆንም አስቡት፦ ሶቶን ሰጥተን ጎርን አመጣን፤ አሁን ጎርን ሰጥተን አምስት ልጅ አመጣን። እነሱ ሲደርሱስ በአሥር ልንለውጣቸው ነው? ሽያጩ ትክክል የሚሆነው አዲሱ ማሳደጊያ እውነተኛ ከሆነ ብቻ ነው፤ ያን ደግሞ ገና አላየነውም። እኔ ብሆን መጀመሪያ ቤቱን ሠርቼ ዓመት አሳልፌ ነበር የምሸጠው።

ኤብራምስን ከሾርትስቶፕ ያንሱት። ፈጣን ነው፣ መቺ ነው፣ እጁ ግን ለዚያ ቦታ አይደለም፤ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ቢዛወር ለራሱም ይጠቅመዋል። ክሩዝ ገና እጁ አልተፈታም፣ ታግሰው ያጫውቱት። ዴይለን ላይልን ደግሞ ማንም እንዳይነካብኝ። በ2021 በሁለተኛው ዙር የመረጥነው የራሳችን ልጅ ነው። ሴፕቴምበር 20 ቀን ኒው ዮርክ ላይ፣ በ11ኛው ኢኒንግ የመታትን ኳስ ሜትሶች ሜዳው ውስጥ እያሳደዱ እሱ አራቱንም ቤዝ ሮጦ ጨረሰ፤ አሸነፍን። ሜትስ የዓመቱን ውድድር ከሲንሲናቲ ጋር እኩል ጨርሶ በመለያ ወደቀ። አንድ ጨዋታ ብቻ ቢጨምር ኖሮ ያልፍ ነበር። 765 ሚሊዮኑ ሶቶ ኦክቶበርን ቤቱ ሆኖ አየ። ክፋት አይደለም፣ ትንሽ ሳቅሁ።

ኦገስት 2025 ላይ የእህቴን ልጅ ይዤ ፍሬድሪክስበርግ ወርጄ ነበር፤ በደቡብ በኩል ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ነው፣ ከታችኞቹ የታዳጊ ቡድኖቻችን አንዱ እዚያ ይጫወታል። የአንደኛ ቁጥር ምርጫው ኢላይ ዊሊትስ ያኔ 17 ዓመቱ ነበር፤ ከኦክላሆማ ገጠር የመጣ፣ አባቱም የተጫወተ፣ ሲፈርም 8.2 ሚሊዮን ዶላር የተሰጠው። የእህቴም ልጅ 17 ዓመቱ ነበር፤ ቁርሱን እስከ ቀትር የማይበላ። አጥሩ ጋ ቆመን ስናይ ልጁ ከጨዋታው በፊት በመሬት የሚንከባለል ኳስ እየያዘ ወደ አንደኛው ቤዝ ይወረውራል፤ ይይዛል፣ ይወረውራል። አንዱ አመለጠው። አሠልጣኙ ቆም አድርጎት ቀረበና የግራ እግሩን በእጁ ገፋ አድርጎ አሳየው፤ እንደገና አንከባለለለት። አሥር ጊዜ ያህል። የእህቴ ልጅ ሰለቸው፤ እኔ ግን መሄድ አልፈለግሁም። ይህን ነበር ሳላይ የኖርኩት።

ውድ ራሱ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። በ2025 31 ሆም ረን (መቺውን አራቱንም ቤዝ የሚያስጨርስ ምት) መታ፤ ከዚያ ጋር ግን 221 ጊዜ ሦስቱንም ዕድሉን ስቶ ወጣ፤ ከሊጉ የምንጊዜም ክብረ ወሰን ሁለት ብቻ ነው የሚያንሰው። ከኮከቦች ጨዋታ በኋላ ወርዋሪዎቹ ድክመቱን አወቁበት፤ እሱን የሚያቃናለት ግን አልተገኘም። ሁለት ሜትር ቁመት ያለው፣ ሮክቪል ተወልዶ ኦልኒ ያደገ፣ የሜሪላንድ የእኛው ሰፈር ልጅ ማለት ነው። ስሙን በአማርኛ ስናነበው ደግሞ ዋጋውን ራሱ ይናገራል። እስከ 2030 ድረስ የቡድኑ ነው። ሶቶ የተሸጠው ነፃ ሊወጣ ሁለት ዓመት ተኩል ሲቀረው ነበር። በዚያ ሒሳብ የውድ ቀን የሚደርሰው በ2028 አጋማሽ ነው፤ ቶቦኒና ቡቴራ ያላቸው ጊዜ ከ2026 መጀመሪያ ሲቆጠር ሁለት የውድድር ዘመንና ግማሽ ነው።